ዝም የሚል መጫወቻ

ላሟ የመጣችው ከሜሪላንድ ነው። እህቴ ለልጄ ለሚጣ ሁለተኛ ዓመት ልደት ብላ በሰው ሻንጣ የላከቻት የፕላስቲክ ላም ናት፤ ሆዷ ላይ ስድስት ቁልፎች፣ ጀርባዋ ላይ መያዣ፣ ከጅራቷ ሥር የባትሪ ክዳን አላት። ቀዩን ሲጫኑት በእንግሊዝኛ እስከ አስር ትቆጥራለች። ሰማያዊውን ሲጫኑት ሃያ ስድስቱን የእንግሊዝኛ ፊደላት ትዘፍናለች። ዝም ብለው ካስቀመጧት ደግሞ ትንሽ ትታገስና እንደተረሳ እንግዳ ራሷ ትጣራለች። ካርቶኗ ላይ ለልጅ የምታስተምረው ነገር ተደርድሯል፤ ቁጥር፣ ቀለም፣ ቅርጽ፣ ሙዚቃ፣ በመጨረሻም «ችግር መፍታት»። ይቺን ሳነብ ላሟ መላክ የነበረባት ለእኔ ነው አልኩ።

ቀን ቀን ሚጣን የምትይዘው እናቴ ናት። ላሟ ከመምጣቷ በፊት ቤታችን ውስጥ የሚሰማው የእሷ ድምፅ ነበር። እናቴ ዝም ብላ ሽንኩርት አትልጥም። «ልብሱን አወለቅነው፤ ውይ፣ ሌላም ልብስ ደርቧል! ዓይናችንን አቃጠለን አይደል? እሽ በይው!» ትላለች። ሚጣ ከተባለው ግማሹ ባይገባትም ተራዋን ጠብቃ «እሽ!» ትላለች። ቡና ሲቆላም፣ ልብስ ሲታጠፍም፣ ዳይፐር ሲቀየርም እንደዚሁ ነው። ኳስ የሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ እንኳን እንደ እናቴ አይለፈልፍም።

አንድ ቀን መሥሪያ ቤት መብራት ጠፍቶ በጊዜ ወደ ቤት ተመለስኩ። ሳሎን ስገባ ላሟ ትዘፍናለች። ሚጣ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ያንኑ ሰማያዊ ቁልፍ ትጫናለች። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ጭጭ ብላለች። ለቅሶ ቤት የመጣች ነው የምትመስለው።

«ምነው እማዬ፣ አሞሻል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እሷ እየተናገረች እኔ ምን ልበል?» አለችኝ፣ በአገጯ ላሟን እያሳየች።

ሳቅኩ። ማታ ሳስበው ግን ሳቁ ጠፋብኝ። እናቴ ባደገችበት ቤት ሰው ሲናገር ከአፉ አይነጠቅም፤ እስኪጨርስ ይጠበቃል። ላሟ ደግሞ ጨርሳ አታውቅም።

የእናቴ ይሉኝታ ብቻ ነው እንዳልል፣ በሰሜን አሪዞና ዩኒቨርሲቲ አና ሶሳ የተባሉ ተመራማሪ ይህንኑ ነገር ቃል በቃል ቆጥረውታል። በ2016 እ.ኤ.አ. ጃማ ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕክምና መጽሔት በወጣው ጥናታቸው ከ10 እስከ 16 ወር የሆናቸው ልጆች ያሏቸው 26 ወላጆች በየቤታቸው ከልጆቻቸው ጋር ሲጫወቱ ድምፃቸው ተቀረጸ። አንዴ የሚናገርና የሚዘፍን መጫወቻ፣ አንዴ የእንጨት ገጣጥምና የጎማ ብሎክ፣ አንዴ ደግሞ መጽሐፍ ተሰጣቸው። መጽሐፉ ሲቀርብ ወላጆቹ በደቂቃ በአማካይ 67 ያህል ቃላት ተናገሩ፤ እንጨቱና ጎማው ሲቀርብ 56፤ የሚናገረው ሲቀርብ ወደ 40 ወረዱ። ሃያ ስድስት ቤት ብዙ አይደለም፤ ይሁንና ሃያ ሰባተኛውን ቤት እኔ በዓይኔ አይቻለሁ። እነዚያ ወላጆች እንኳ ዕቃው የሚናገረውን ቋንቋ ይሰማሉ። እንግሊዝኛ የማትሰማው እናቴ ዜሮ ብትገባ ምን ይገርማል?

እኛ እኮ ለዚህ ጥናት የሚያስፈልገን ሰዎች አልነበርንም፤ ቋንቋችን ራሱ ይነግረን ነበር። ልጆች ሜዳ ላይ የሚያደርጉትም ጨዋታ ነው፤ ሁለት ሽማግሌዎች ጠላ ይዘው የሚያደርጉትም ጨዋታ ነው። እንግዳ ቤት ገብቶ ዝም ካለ «ተጫወት እንጂ» ይባላል፤ ኳስ አንሥቶ እንዲለጋ አይደለም። ጨዋታ አዋቂ የምንለውም ገበጣ የሚያሸንፈውን ሰው አይደለም። እንግዲህ መጫወቻ ሲባል ጨዋታ የሚያስጀምር ዕቃ ማለት ከሆነ፣ ላሟ ጨዋታውን አስጀምራ ብቻዋን ጨረሰችው።

መጫወቻን ለማስተማሪያ ብሎ በማዘጋጀት ስሙ ቀድሞ የሚነሣው ጀርመናዊው ፍሪድሪሽ ፍሮበል ነው። በ1837 እ.ኤ.አ. ባድ ብላንከንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ የሕፃናት ማዋያ ከፈተ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ኪንደርጋርተን፣ የልጆች አትክልት ቦታ፣ አለው። እኛ ኬጂ ብለን ያሳጠርነው እሱን ነው። ፍሮበል ለልጆች ያዘጋጃቸውን ዕቃዎች «ስጦታ» ይላቸው ነበር። የመጀመሪያው ስጦታ ምን ይመስላችኋል? የክር ኳስ። ቀለማቸው የተለያየ ስድስት ኳሶች ናቸው፤ ማንጠልጠያ አላቸው። እናትየዋ ኳሱን እያወዛወዘች መጣ፣ ሄደ፣ ተደበቀ እያለች ታዜማለች። ኳሱ ራሱ ትንፍሽ አይልም። ሦስተኛው ስጦታ ስምንት እኩል ቦታ የተቆረጠ የእንጨት ኩብ ነው። ታዋቂው አሜሪካዊ አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት በልጅነቱ የተጫወተው በፍሮበል ስጦታዎች ነው፤ እናቱ ያየቻቸው በ1876 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን ላይ ነበር። የመርካቶ ነጋዴዎች ይህን ቢሰሙ ኖሮ ካርቶኑ ላይ «አርክቴክት ያደርጋል» የሚል በለጠፉበት።

መርካቶን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ላሟን ቁምሳጥኑ ላይ ሰቅዬ መርካቶ ወረድኩ።

«ዝም የሚል መጫወቻ አለህ?» አልኩት ልጁን።

«ባትሪ ያለቀበት ነው ጋሼ የሚፈልጉት?»

እንደገና አስረዳሁት። ሁለት ከበሮ አወጣልኝ። መጠናቸው አንድ፣ ፕላስቲካቸው አንድ፤ የአንዱ ዋጋ ግን እጥፍ ነው።

«ይሄኛው ኤዱኬሽናል ነው» አለኝ።

«ያኛውስ?»

«ያኛው መጫወቻ ብቻ ነው።»

ልዩነታቸውን ፈለግሁ። አንደኛው ላይ አንጎል የሚመስል ሥዕል ተለጥፎበታል። ከጎኑ በእንጨት የተሠራ የሀሁ ገጣጥም ነበር፤ ቆንጆ ነው፣ ሠላሳ ሦስቱም ፊደላት ከነመግቢያ ጎድጓዳቸው። ልገዛው ዳዳኝ። ከዚያ ማንን ላኮራበት እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ። ለሁለት ዓመት ልጅ «ሀ» ሁለት እግር ያለው የሚታኘክ እንጨት ነው፤ ፊደል መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ፤ «ልጄ ኬጂ ሳትገባ ፊደል ለየች» ብዬ የማወራውም እኔው። ባዶ እጄን ተመለስኩ።

እናቴ ሳቀችብኝ። «ለመጫወቻ ገንዘብ ይወጣል?» ብላ ባዶ የወተት ጣሳና አንድ እፍኝ ሽምብራ አቀረበች። ሽምብራው ወደ ጣሳው ሲወድቅ ኳ ይላል፣ እናቴ ትቆጥራለች፣ ሚጣ ትንከተከታለች። ሦስት ቀን ሙሉ እናቴ የፍሮበል ወራሽ ናት እያልኩ ስፎክር ሰነበትኩ። በአራተኛው ቀን አንዱ ሽምብራ የሚጣ አፍንጫ ውስጥ ገባ።

ክሊኒክ ስንደርስ ሽምብራው እርጥበት ጠጥቶ ማበጥ ጀምሮ ነበር። እናቴ በረንዳው ላይ ስለቷን ትሳላለች፤ ሚጣ ታለቅሳለች፤ ሐኪሙ ጫፉ በታጠፈ ቀጭን መሣሪያ ጎትቶ አወጣውና በጥጥ ላይ አስቀምጦ አሳየኝ። «ሽምብራና ባቄላ ነው እኛን የሚያሯሩጠን» አለ። «አፍንጫ ውስጥ መግባቱ ደግ ነው፤ በአየር ቧንቧ ቢሄድ ሌላ ወሬ ነበር የምናወራው።» ሚጣ እንደ ልብስ ቁልፍ ክብ የሆነችውን ትንሽ ባትሪ እንዳትነካም አስጠነቀቀኝ፤ ጉሮሮ ላይ ከተቀረቀረች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋ ታቃጥላለች።

ከዚያ ወዲህ ነው መለኪያ የያዝኩት። በአሜሪካ ደንብ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሸጥ መጫወቻ፣ ተገንጥሎ የሚወድቅ ክፍሉም ጭምር፣ 31.7 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው አጭር ሲሊንደር ውስጥ ሙሉ በሙሉ መግባት የለበትም። ሲሊንደሩ የሌለው ሰው ሶፍት የሚጠቀለልበት የካርቶን ቱቦ ይበቃዋል፤ ትንሽ ሰፋ ስለሚል እንዲያውም የበለጠ ይጠነቀቃል። እኔ ካርቶኔን ይዤ ቤቱን ዞርኩ። ብይ ሾለከ። ቆርኪ ሾለከ። ለቅልብልቦሽ የሚሆን ጠጠር ሾለከ። የእኔ ልጅነት በሙሉ በዚያች ካርቶን ሾልኮ ወደቀ። የድሮ ነገር ሁሉ ለልጅ ይበጃል ለሚሉኝ ጓደኞቼ ይህን እነግራቸዋለሁ፤ እኛ የተረፍን ነን የምናወራው።

መጨረሻ ላይ የሄድኩት ሰፈራችን ካለው አልጋና ቁምሳጥን የሚሠራ አናጢ ዘንድ ነው። ከእግሩ ሥር የዋንዛ ቁርጥራጭ ተከምሯል።

«ሃያ ቁራጭ፣ አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር» አልኩት።

«ለምን ይሆናል?»

«ለምንም።»

ትንሽ አየኝ። ማዕዘኖቹን በብርጭቆ ወረቀት እስኪዶለዱሙ አሸልኝ፤ ጉንጬ ላይ አድርጌ ሞከርኳቸው። «ቫርኒሽ ልምታው?» ሲለኝ አፏ ውስጥ እንደምትከተው ነግሬው ተወው። ሂሳብ ስንተሳሰብ አራቱን ነጥሎ ኪሱ ከተተ። እሱም ቤት ሕፃን አለ።

እህቴ ስትደውል ላሟን ከቁምሳጥን ላይ እናወርዳታለን። «ወደደቻት?» ትላለች፤ «ነፍሷ ናት» እላለሁ፤ ላሟም ምስክርነቷን በዜማ ትሰጣለች። ባለፈው ግን ጉዳዩ ተገለበጠብኝ። የእህቴ ልጅ አራት ዓመቱ ነው፤ አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። «በአማርኛ የሚዘፍን መጫወቻ ፈልግልኝ፤ ምንም ይሁን፣ ብቻ ይናገር» አለችኝ። ስለ ዝም የሚል መጫወቻ ያዘጋጀሁት ንግግር ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። እዚያ ቤት ላሟ ከአፏ የምትነጥቃት አያት የለችም። እህቴ ከሥራ ስትገባ ልጁ ተኝቶ ይጠብቃታል። በአማርኛ የምትዘፍን ላም ብትገባ ማንን ዝም ታሰኛለች? ፍለጋውን አልተውኩም። እስከዚያው ቅዳሜ ቅዳሜ በእነሱ ጠዋት፣ በእኛ ማታ፣ ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈን እናቴ ፊቱ ሽንኩርት ትልጣለች። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ከሜሪላንድ «እሽ!» የሚል ድምፅ መጣ።

የእንጨቶቹን ነገር ልጨርስ። በመጡበት ቀን እኔ ፎቅ ሠራሁ፤ ሚጣ አፈረሰችው። ደግሜ ሠራሁ፤ ደግማ አፈረሰች። እናቴ ከሶፋው ሆና ስታየን ቆየችና «አንተ ከፎቅ ሌላ አታውቅም?» ብላ ጉልበቷን ይዛ ምንጣፉ ላይ ወረደች። ሦስት እንጨት ለየች፤ ጉልቻ ጎለተች። ያንን የወተት ጣሳ ጣደችበት።

«እሳቱን እፍ በይው» አለቻት። ሚጣ ምራቋ እስኪረጭ እፍ አለች። «አማስይው፣ እንዳያርርብን።» ማንኪያ አመጣች፣ አማሰለች። ጣሳው ውስጥ አንድ እንጨት አለ፤ እሱን አውጥታ በሁለት እጇ ይዛ አፌ ድረስ አመጣችልኝ።

«ቅመስላት እንጂ» አለች እናቴ።

አላመጥኩ። «ጨው አንሶታል» አልኩ።

እናቴ በዓይኗ ገረፈችኝ። ሚጣ ግን ማንኪያዋን ጥላ ወደ ማድቤት እየሮጠች ነበር። «ተው! ተው! ተው!» ትላለች፤ ጨው ማለቷ ነው።