ፓምፑ «እምምም» ሲል

ፓምፕ እምቢ የሚለው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ጭራሽ ዝም ይላል። ሌላው «እምምም» ብሎ ያጉረመርማል፣ ግን አይዞርም። ይህን ልዩነት ሳይለዩ «ተቃጥሏል!» ማለት ኪስን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ይጎዳል። እንዴት ነው ፓምፕ ሰው የሚጎዳው? ብትሉኝ፣ እነሆ የጉለሌ ወሬ።

በመጀመሪያ ግን ስለ ሰፈሩ ትንሽ ላውራ። የአቃቂ የውሃ ጉድጓዶች ያሉት ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እኛ ሽሮ ሜዳና ከዚያ በላይ ያለነው ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ እንኖራለን። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ ወርደው ፍልውሃ አካባቢ ቤት ሲያሠሩ ነው አዲስ አበባ የተቆረቆረችው። ፍልውሃ ደግሞ ያኔ ያለ ፓምፕ፣ ያውም ሞቆ፣ ራሱ የሚወጣ ውሃ ነበር። እቴጌ ብልህ ነበሩ! ዳገቱ ላይ የቀረነው እኛ ግን ያለ ፓምፕ አንኖርም።

የእኛ ግቢ አምስት አባወራ፣ አንድ ቆጣሪና ሁለት ሮቶ አለው። ውሃ በፈረቃው ሌሊት ሲመጣ መሬት ላይ ያለው ሮቶ ይሞላል። ከዚያ ግማሽ የፈረስ ጉልበት ያለው ትንሽ ፓምፕ የብረት ማማው ላይ ወዳለው ሮቶ ይገፋዋል። ፓምፑ ከቆመ ሁላችንም በባልዲ መቅዳት ነው።

አንድ ሐሙስ ማለዳ ፓምፑ ተከፈተ። «እምምም» አለ። ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ አሁንም «እምምም»። የተጠራው ጠጋኝ ክዳኑን እንኳ ሳይፈታ ጠጋ ብሎ አሸተተና ፈረደ፦ «ተቃጥሏል። ወይ ሽቦው እንደ አዲስ ይጠምጠም፣ ወይ አዲስ ግዙ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ መዋጮ ነበር የሚሆነው። ግን «ማን አቃጠለው?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። መልሱን ለማግኘት ደግሞ ማንም ሩቅ አልሄደም። ጓሮ ያለችው ጎረቤታችን እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። «ያ ምጣድ ነው ጉድ የሠራን» ተባለ። የግማሹን ወጪ እንድትችል፣ ከዚያም በኋላ ግቢ ውስጥ እንዳትጋግር ሐሳብ ቀረበ። እሷ ልጇን አዝላ እንደ ቆመች «እሺ፣ እናንተ ካላችሁ» አለች። «እሺ»ዋ ግን የኪራይዋን ገንዘብ ነበር የሚያስቀርባት።

እኔ አንድ ቀን እንዲታገሱን ጠየቅሁ። በማግስቱ ኤሌክትሪሺያን የሆነ ጓደኛዬ መልቲሜትሩን ይዞ መጣ። ያየሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ ምናልባት ለእናንተም ግቢ ይጠቅማል።

ፓምፑ ዝም ካለ፣ ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪኩ አልደረሰውም ማለት ነው። ብሬከሩ ወርዶ ይሆናል፣ ሶኬቱ ላልቶ ይሆናል፣ ወይ ሮቶው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ማብሪያ ተጣብቆ ይሆናል። አንዳንዱ ፓምፕ ላይ ውሃ ሲያልቅ የሚዘጋ መቆጣጠሪያ አለ። እሱ ደግሞ ቁልፉ እንደገና ካልተጫነ አይነሣም። ይህ ሁሉ ከሞተሩ ውጭ ነው።

ካጉረመረመ ግን ኤሌክትሪኩ ደርሷል፣ መዞር ነው ያቃተው። ያኔ ቶሎ ማጥፋት ነው! የቆመ ሞተር ሲዞር ከሚስበው ብዙ እጥፍ ስለሚስብ በእርግጥ የሚቃጠለው ያኔ ነው። ዘጋ ከፈት እያደረጉ መሞከርም ያባብሰዋል።

ከዚያ ሦስት ተጠርጣሪ አለ።

አንደኛው መንከስ ነው። ብዙ ቀን ሳይሠራ የቆመ ፓምፕ ውስጡ ዝጎ ይይዛል። ጓደኛዬ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ከኋላ በማራገቢያው በኩል ዘንጉን በጠመንጃ መፍቻ አዞረው። በቀላሉ ዞረ። ይኼኛው ነጻ ወጣ።

ሁለተኛው ካፓሲተር ነው። በቤት መብራት የሚሠራ ትንሽ ሞተር ዋናው ጥምጥሙ ብቻውን አያስነሣውም፤ ወደ ቀኝ ልዙር ወይስ ወደ ግራ እያለ ባለበት ይንቀጠቀጣል። «እምምም» ማለት ይህ ነው። በሁለተኛው ጥምጥም በኩል አቅጣጫ የሚያሲዘው ካፓሲተሩ ነው። የእኛው ላይ 10 ማይክሮፋራድ ተብሎ ተጽፏል፣ ሲለካ 6 ሆነ። አብጦም ነበር። (ማስጠንቀቂያ፦ ካፓሲተር ሶኬት ከተነቀለም በኋላ ይነዝራል። ለባለሙያ ተዉት።)

ሦስተኛው ቮልቴጅ ነው። የክሱ ፋይል የተከፈተው እዚህ ላይ ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ፣ ማለትም 16 አምፔር ይስባል። ጓደኛዬ ሁለቱም ምጣድ ጠፍቶ ለካ፦ 216 ቮልት። የእሷን ብቻ አስለኮሰ፦ 198። «ሁለተኛ ምጣድ አለ እንዴ?» እንዳትሉ፣ አለ። የአከራያችን ቤት ምጣድ ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ ማለዳ የሚጣደው። እሱም ሲጨመር፦ 180።

የሞተር መነሻ ጉልበት በቮልቴጁ ልክ ሳይሆን በቮልቴጁ ካሬ ነው የሚወርደው። ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ጉልበቱ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ብቻ ይቀራል። በዚያ ላይ የደከመ ካፓሲተር ተጨመረበት። በሌላው ቀን እንደ ምንም ሲነሣ የከረመው ፓምፕ ሐሙስ ዕለት አልቻለም። ከቆጣሪው ወደ ጓሮ የሚሄደው ገመድም ቀጭን ነው፣ በእጅ የተጠማዘዘው መገጣጠሚያው በፕላስተር ውስጥ ጠቁሮ ተገኘ። ጥምጥሙ ሲለካ ግን ጤነኛ ነበር። ምንም አልተቃጠለም!

አከራያችን ቁጥሮቹን ዝም ብለው አዩ። ከዚያ «እንግዲያው የእኛም ምጣድ አለበታ» አሉ። ይህን ለማለት ለአንድ አከራይ ቀላል እንዳልሆነ ተከራይ የሆነ ሁሉ ያውቃል። ገመዱን እሳቸው አስቀየሩ። ካፓሲተሩ ከአዲስ ፓምፕ ዋጋ አንጻር እዚህ ግባ የሚባል ስላልነበረ ለአምስት ተካፈልነው። ጎረቤታችን «ተይው» ብትባልም አምስተኛዋን ድርሻ ቆጥራ ከፈለች።

ስለዚህ እባካችሁ፣ አንድ ሰው በአፍንጫው አሽትቶ «ተቃጥሏል» ሲላችሁ ሁለት ነገር ጠይቁት። ለክተኸዋል? የለካኸውስ የማን የማን ምጣድ ተጥዶ እያለ ነው? የእኛ ግቢ አሁን የፓምፕ ሰዓት አለው፦ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ፣ ሁለቱም ምጣዶች ከቀዘቀዙ በኋላ። ወረቀቱ ቆጣሪው ሳጥን ላይ ተለጥፏል። የጻፈችው ደግሞ ያቺው እንጀራ የምትጋግረው ጎረቤታችን ናት፣ ከሁላችንም የተሻለ የእጅ ጽሑፍ አላት።