ኬሞው ለሕመሙ ነው ወይስ ለወረፋው?

እኛ አገር «ኦፕሬሽን ይሠራላታል» ማለት ለታማሚ ቤተሰብ ትልቅ ተስፋ ነው። ተቆርጦ ወጣ፣ አለቀ እንላለን። «ጨረር» ሲባል ግን ቤቱ ሐዘን ቤት ይመስላል። የማህፀን በር ካንሰር ከተስፋፋ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ዕጢው ከ4 ሴንቲ ሜትር ካለፈ ወይም ከማህፀን በር ወጥቶ አጠገቡ ያለውን አካል ከያዘ፣ ዋናው ሕክምና ጨረርና ኬሞ ጎን ለጎን ነው። ኬሞ አስቀድሞ፣ ዕጢው ሲያንስ ኦፕሬሽን ማድረግስ? ሙምባይ ያለው ታታ ሜሞሪያል ሆስፒታል ሁለቱን መንገዶች በ635 ሴቶች አወዳድሮ ውጤቱን በ2018 እ.ኤ.አ. አሳተመ። ከ5 ዓመት በኋላ ሕመሙ ሳይመለስባቸው የቆዩት፣ ኬሞና ኦፕሬሽን ካገኙት 69 በመቶ ገደማ፣ ጨረርና ኬሞ አብረው ካገኙት 77 በመቶ ገደማ ናቸው። በሕይወት በመቆየት ግን ተቀራራቢ ነበሩ።

ታዲያ እኛ ዘንድ ኬሞና ኦፕሬሽን ለምን ይቀድማል? ብዙ ጊዜ ጨረር ስለማይደርስ ነው። ለረጅም ዓመታት በመላው አገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ጅማና ሐረር የተጨመሩት በቅርቡ ነው።

አክስቴ (ስሟን አልጠቅስም፣ ሆስፒታሉንም እንዲሁ) ለጨረር የተቀጠረችው ከ5 ወር በኋላ ነበር። እስከዚያ ኬሞ ተጀመረላት። «አንተ ልጅ፣ ይኼ የሚያድነኝ ነው የሚያቆየኝ?» አለችኝ። ኮሪደር ላይ ያገኘሁት ወጣት ሐኪም አልዋሸኝም፤ «ጨረሩ ቶሎ ቢደርሳቸው በዚህ አንጀምርላቸውም ነበር» አለ። እሱን አልወቅሰውም። ዕጢ ቀጠሮ አይጠብቅም፣ ባለው መሣሪያ መሥራት እጅ አጣጥፎ ከመቀመጥ ይሻላል። የከነከነኝ ይህን ለእኔ እንጂ ለእሷ የነገራት አለመኖሩ ነው። ሰውነቱ የእሷ ነው!

ከሦስት ዙር በኋላ ኦፕሬሽን ተደረገላት። የላቦራቶሪው ውጤት ሲመጣ ካንሰሩ ንፍፊት ውስጥ ተገኘ። እንዲህ ሲሆን ጨረር ግድ ነውና እዚያው ወረፋ ላይ ተመለሰች፤ ኬሞውንም ቢላውንም ከቀመሰች በኋላ።

«ኬሞ መቅደሙ ጥሩ ነው ተብሎ የለም እንዴ?» የምትሉኝ አትጠፉም። ልክ ናችሁ፣ ግን ሌላ ነገር ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. ላንሴት ላይ የታተመው ኢንተርሌስ የተባለው ጥናት 500 ሴቶችን ይዞ፣ ለ6 ሳምንት በየሳምንቱ ኬሞ ሰጥቶ በ7ኛው ሳምንት በቀጥታ ወደ ጨረርና ኬሞ አስገብቷል። ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 80 በመቶ፣ ያለ ቅድመ ኬሞ የታከሙት 72 በመቶ ናቸው። እዚያ ከኬሞው በኋላ የሚመጣው ጨረር ነው፣ ቀኑም ተቆርጧል።

እናት፣ እህት፣ ሚስት ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ሐኪሙን ራሷ ባለችበት ጠይቁት፤ ጨረር ነገ ቢገኝ ይህንኑ ያዙላት ነበር? ከኦፕሬሽኑ በኋላ ጨረር ካስፈለገስ ወረፋዋ ከአሁኑ ይያዝላታል ወይስ እንደገና ከመጨረሻ ትጀምራለች?