ዝግ በር

ባለፈው ክረምት እህቴን ለመጠየቅ ካሊፎርኒያ ሄጄ ነበር። አንድ ቅዳሜ ልጇ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲን ግቢ ሊያስጎበኘኝ ወሰደኝ። ብዙ ካሳየኝ በኋላ፣ "አክስቴ፣ መቃብሩንስ ላሳይሽ?" አለኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ መቃብር ምን ይሠራል ብዬ ተገረምኩ።

በዛፎች መካከል የቆመ የድንጋይ ቤት ነው። በሩ ዝግ ነበር። ፊት ለፊቱ የአንበሳ አካልና የሰው ፊት ያላቸው ሁለት ሐውልቶች ተጋድመዋል። ውስጥ ያረፉት ሦስት ናቸው፤ አባት፣ እናትና አንድ ልጃቸው።

ልጁ፣ ሌላንድ ስታንፎርድ ጁኒየር፣ ከወላጆቹ ጋር አውሮፓን ሲጎበኝ በታይፎይድ ታመመ። በመጋቢት 1884 እ.ኤ.አ. ፍሎረንስ ከተማ ሲያርፍ ገና 15 ዓመቱ ነበር። አባቱ በባቡር ሐዲድ የበለጸጉ የቀድሞ የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ናቸው። ባልና ሚስቱ ሀብታቸውን ለሌሎች ልጆች ማስተማሪያ አዋሉት፤ ዩኒቨርሲቲው በ1891 ተከፈተ። ብዙዎቻችን ስሙ የአባትየው ይመስለናል። ሙሉ መጠሪያው ግን እስከ ዛሬ "ጁኒየር" የሚለውን ይዟል። የልጁ ስም ነው።

እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ግን የራሴን ቤት ነበር። የመጀመሪያ ልጄን በ14 ዓመቱ ካጣሁት 6 ዓመት ሆኖኛል። አርባውን አወጣን፣ ሙት ዓመቱን ዘከርን፣ ሐውልቱን አቆምን። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ስሙን የሚያነሳ የለም። ክፍሉን ቆልፌ ቁልፉን ደበቅሁ። ታናሽ እህቱ ስለ እሱ ስትጠይቀኝ ወሬ እቀይራለሁ። እንዳይጎዳት ብዬ ነው እል ነበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የፈራሁት ለራሴ ነው።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የምከፍትበት ሀብት የለኝም። አዲስ አበባ በተመለስኩ በሳምንቱ ግን ክፍሉን ከፈትኩ። አቧራውን ጠረግን፤ የማጥኛ ጠረጴዛውን ለእህቱ ሰጠኋት። ጠርዙ ላይ በኮምፓስ ጫፍ የተጫረ የእግር ኳስ ቡድን ስም አገኘች።

"እማዬ፣ ይኼን ማን ጻፈው?"

ስሙን ጠራሁላት። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ ቀጥሎ ስለ ኳስ እብደቱ እስኪመሽ አወራኋት።

እናንተም ቤት የተቆለፈ ክፍል ካለ፣ ከውጭ ሆኖ መልሱን የሚጠብቅ ልጅ እንዳለ አትርሱ።