የአባያ ስም

ጫኖ ከአርባ ምንጭ በስተ ሰሜን፥ ሙዝና ማንጎ የሚበቅልባት የጋሞ አገር ናት። ሰዎቿ ደለል ያቀላውን ሐይቅ አባያ ይሉታል፤ የግዲቾ ደሴት ሰዎችም በታንኳ ሲያቋርጡት ኖረዋል። ኢጣልያዊው ካፒቴን ቪቶርዮ ቦቴጎ ግን በ1888 ዓ.ም. በደረሰበት ጊዜ፥ ያልታወቀ ውሃ ያገኘ ያህል ቆጥሮ በንግሥቱ ስም ማርጌሪታ አለው። ጎረቤቱ ጫሞም በ1886 ዓ.ም. ዝሆን በገደለው በልዑል ሩስፖሊ ስም ተጠራ።

ዓመቱ የዓድዋ ዓመት መሆኑ ያስገርማል። የኢጣልያ ንጉሥ ጦር የካቲት 23 ቀን ድል ሆነ፤ የሚስቱ ስም ግን በዚያው ዓመት ያለ አንዳች ተኩስ በደቡብ ውሃ ላይ ሰፈረ፥ ለካርታ ቀለም ይበቃልና። በኤውሮጳ አትላስም ብዙ ዘመን ቆየ።

«አገኘ» ማለት ምንድን ነው? ዓሣ አጥማጁ ሐይቁን ሳያውቀው ኖሯልን?

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በጀርመን አገር የተማሩ ነበሩና የኤውሮጳን ትምህርት አልናቁም። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ግን፥ ጥሬ ዕቃ ሰጥቶ የተሠራውን የሚቀበል ሕዝብ ለሠሪው እንደሚገዛ አስረዱ። እርሳቸው የተናገሩት ስለ ንግድ ነው፤ ነገሩ ለሐይቁም ይሠራል። ወሬው ከዳሩ ጥሬውን ወጣ፤ ማርጌሪታ ተብሎ ታትሞ ተመለሰ።

ዛሬ የአገሩ ካርታ አባያና ጫሞ ይላል። ይሁን እንጂ ቦቴጎን የሚወቅስ ሁሉ፥ ከመሐል አገር የወረዱ ጸሐፊዎች የኮረብታውንና የወንዙን ስም ከጋሞ ሽማግሌ አፍ ጠይቀው ጽፈው እንደ ሆነ አብሮ ቢመረምር ደግ ነው።