ባለቤቴ የደበቀኝ ደብዳቤ



በ2017 ዓ.ም. ክረምት ሁለት ወጣት ባልና ሚስት ከቢቸና በጠዋቱ አውቶቡስ ተሳፍረው ሞጣ ቤታችን መጡ። ባልየው አሜሪካ ካለ ዩኒቨርሲቲ ለሁለተኛ ዲግሪ ተቀባይነት አግኝቶ ቪዛም ተመቶለታል፤ ሚስቱም አብራው ትሄዳለች። «እትዬ፣ ጸልዩልን» አሉኝ። ከባለቤቴ ጋር ሆነን ጸለይንላቸው። አሜን ካልን በኋላ «በሉ አሁን ደግሞ ከትምህርት ቤቱ የተላከላችሁን ወረቀት አውጡትና አብረን እናንብበው» አልኳቸው። እርስ በርስ ተያዩ። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ካለ ሌላ ምን ቀረ ብለው እንዳሰቡ ገባኝ። እኛም በጊዜያችን እንዲሁ አስበን ነበር።

ባለቤቴ በ2005 ዓ.ም. ለሥነ መለኮት ትምህርት ወደ አሜሪካ ሲሄድ እኔና የሦስት ዓመት ልጃችን አብረነው ሄድን። እርሱ ኤፍ-1 በሚባለው የተማሪ ቪዛ፣ እኛ ደግሞ ኤፍ-2 በሚባለው የቤተሰብ ቪዛ ገባን። ያኔ ያልተረዳነው ቪዛና ሕጋዊ ቆይታ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ቪዛ ለመግቢያ ነው፤ እዚያው እያላችሁ ቀኑ ቢያልፍ በራሱ ሕገ ወጥ አያደርጋችሁም። የሚያኖራችሁ አይ-20 የሚባለው የትምህርት ቤቱ ወረቀትና በእርሱ ላይ የተመሠረተው የተማሪነት ቆይታ ነው። ይህ ደግሞ በየሴሚስተሩ ሙሉ ትምህርት መውሰድን ይጠይቃል።

አንድ ኮርስ ብቻ

በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴን ጨጓራ አመመው። ቀን በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይሠራል፤ ሌሊት ዕብራይስጥ ያጠናል። የሚፈቀድለት በሳምንት 20 ሰዓት ሥራ ነበር፤ ሁሉንም ይሠራ ነበር። አንድ ሌሊት ደከመውና የዕብራይስጡን ኮርስ በኮምፒዩተር ሰረዘው። «አንድ ኮርስ ብቻ ነው፤ በሚቀጥለው እወስደዋለሁ» ብሎ ነው። ሐኪሙ የጻፈለት ወረቀት ኪሱ ውስጥ ነበር። ከመሰረዙ በፊት ያን ወረቀት ለውጭ አገር ተማሪዎች አማካሪ ቢያሳይ ኖሮ በሕመም ምክንያት ትምህርት እንዲቀንስ ሊፈቀድለት ይችል ነበር፤ ሕጉ ለዚህ ቦታ አለው። አልጠየቀም። ስለዚህ ሴቪስ በሚባለው የመንግሥት መዝገብ ላይ ቆይታው ተዘጋ። እኛ በእርሱ ሥር ነንና የእኔና የልጃችንም አብሮ ተዘጋ።

ይህን የሚናገረው ደብዳቤ ሲደርሰው በዕብራይስጥ ሰዋስው መጽሐፉ ውስጥ ከተተው። ሦስት ሳምንት ሙሉ በየእሑዱ አብረን ዘመርን፣ በየማታው አብረን ጸለይን፤ አንድ ቃል አልነገረኝም። መደርደሪያውን ስወለውል አገኘሁት።

«ለምን አልነገርኸኝም?» አልኩት።

«እንዳትጨነቂ ብዬ ነው» አለኝ።

እኅቶቼ፣ በዚያች ሌሊት ያስለቀሰኝ የቆይታችን መዘጋት አልነበረም። ሦስት ሳምንት አጠገቤ የተኛው ሰው ብቻውን መሰንበቱ ነው። በዚያ ላይ ጊዜው ይቆጠር ነበር፤ ቆይታን ለማስመለስ የሚገባው ማመልከቻ በመደበኛነት በአምስት ወር ውስጥ መግባት አለበት።

በር ላይ የተመለስኩበት ቀን

በማግስቱ ሁለታችንም ወደ አማካሪዋ ሄድን። የሕመም ማስረጃ ስለነበረው ማመልከቻው ገባ። መልስ እስኪመጣ ግን መማር እንጂ የቤተ መጻሕፍቱን ሥራ መሥራት አልቻለም። እኔ ደግሞ በኤፍ-2 ከመጀመሪያውም ምንም ሥራ አልተፈቀደልኝም። በዚህ መሐል አንዲት እኅት «ሁለት ልጆቼን ጠብቂልኝ፤ በእጅሽ እከፍልሻለሁ፤ ማንም አያውቅም» አለችኝ። ክፋት አልነበረባትም፤ አዝናልን ነው። የቤት ኪራይ ቀኑ አልፏል። አልዋሻችሁም፣ አንድ ጠዋት ጫማዬን አድርጌ በር ላይ ደርሼ ነበር። የመለሰኝ ጽድቄ አይደለም። «ደበቅኸኝ ብዬ የከሰስኩትን ሰው እኔ ዛሬ ማታ ምን ልለው ነው?» የሚል ሐሳብ ነው። ተመልሼ ሁሉንም ነገርኩት። በዚያው ሳምንት ችግራችንን በአበሻ ምእመናን ፊት አወጣነው። እንጀራና ሽሮ ይዘው መጡ፤ አንድ ቤተሰብም የምድር ቤታቸውን ክፍል ለቀቁልን። አድራሻ ሲቀየር በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ እኛ በማግስቱ አሳወቅን።

አባቴ ሞጣ ላይ ያረፈው በእነዚያ የጥበቃ ወራት ነው። ከአገሪቱ ብወጣ ማመልከቻዬ እንደተተወ ይቆጠራል፤ ቪዛዬም ቀኑ አልፎ ነበር። መርዶውን በስልክ ሰማሁ። በእኛ አገር ለአባቱ ቀብር ያልደረሰ ልጅ ምን እንደሚሰማው ታውቃላችሁ። ባለቤቴ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለኝ። አዎ፣ ነበር። ይቅር አልኩት፤ በአንድ ቀን ግን አይደለም።

ከሰባት ወር በኋላ ቆይታችን መመለሱን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። ትምህርቱን ጨርሶ በ2008 ዓ.ም. አገራችን ገባን።

ዛሬ ለምትሄዱ

ዛሬ መንገዱ ከእኛ ጊዜ ይልቅ ጠብቧል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን አብዛኛውን ጊዜያዊ ቪዛ ለአንድ መግቢያ ብቻና ለሦስት ወር የሚያገለግል አደረገችው። በዚህ ውሳኔ መሠረት ለሠርግም ሆነ ለለቅሶ የሚመጣ ተማሪ ለመመለስ እንደገና ቪዛ መጠየቅ ይኖርበታል። ከዚያ በፊትም ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ሥርዓት ሲለወጥ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ጤፍ ሸጦ ልጁን የሚያስተምር የቢቸና ገበሬ ያው ጤፍ ግማሹን ክፍያ ያህል እንኳ ላይሸፍንለት ይችላል። ክፍያው ሲጓደል ምዝገባ ይታገዳል፤ ምዝገባ ሲታገድ ቆይታው ይዘጋል። የገንዘብ ችግር የቪዛ ችግር የሚሆነው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ችግሩ ገና ሲጀምር ወደ አማካሪው ቢሮ ሂዱ። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2022 እስከ ዲሴምበር 2025 በአገራችን ሁኔታ ምክንያት ለተቸገሩና አስቀድመው እዚያ ለነበሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ከ20 ሰዓት በላይ የሚሠሩበትና ኮርስ የሚቀንሱበት ልዩ ፈቃድ ነበር። ያም ቢሆን ጠይቀው ለተፈቀደላቸው እንጂ በራሳቸው ለወሰኑ አልነበረም።

ባሎች ሆይ፣ አይ-20 የሚያበቃበትን ቀን ሚስቶቻችሁም ይወቁት። ማራዘም የሚቻለው ከዚያ ቀን በፊት ነው። ሚስቶች ሆይ፣ «ወረቀቱ የእርሱ ጉዳይ ነው» አትበሉ፤ የእናንተም ስም በእርሱ ሥር ነው። ከባድ ደብዳቤ ሲመጣ በዚያው ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አንብቡት።

ወጣቶቹ ወደ ቢቸና ሲመለሱ እስከ መናኸሪያው ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ ውስጥ ሲቀመጡ ወረቀቱን የያዘችው እርሷ ነበረች።