ቆብና ሌባ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቆብ የደፋ፥ የእጅ መስቀል የያዘ አንድ ሰው «ለደብር ማሠሪያ» እያለ ከደጃችን ቆመ። እኛም መስቀሉን ተሳልመን ካለን ላይ ከፍለን ሰጠነው። በሦስተኛው ቀን ግን ከአንድ ጠጅ ቤት፥ ቆቡን ከጕልበቱ ላይ አኑሮ ብርሌውን ሲያነሣ አገኘነው። ቢያየን ደንገጥ ብሎ ቆቡን ደፋና በያዘው ብርሌ ባረከን። ነገሩ ቢያስቀንም፥ «ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል» ብለን፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆብ የደፋ ሰው ባየን ቍጥር በር መዝጋት ልማዳችን ሆነ።

ይህን ልማዳችንን እንድንመረምር ያደረገን እንግሊዛዊው ደራሲ ቼስተርተን ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1910 ዓ.ም. ባወጣው «ሰማያዊው መስቀል» በተባለው ታሪኩ፥ ፍላምቦ የሚባል ግዙፍ ፈረንሳዊ ሌባ ቄስ መስሎ፥ በሰንፔር ያጌጠ የብር መስቀል ከያዙ ከአንድ አጭር የገጠር ቄስ ጋራ ይጓዛል። እኒያ አባ ብራውን ግን የዋህ ይምሰሉ እንጂ ሞኝ አይደሉም። ፖሊስ ዱካቸውን እንዲከተል በየደረሱበት ጨውን ከስኳር ያለዋውጣሉ፤ ሾርባ ከግድግዳ ላይ ይደፋሉ፤ ሒሳቡን አስቀድመው ከፍለው የምግብ ቤት መስኮት ይሰብራሉ። መስቀሉንም አስቀድመው ወደ ወዳጃቸው ልከውት ኖሮ አታላዩ ተታለለ። ሐሰተኛነቱን ያረጋገጡትም የሰውን አእምሮ ሲያቃልል ሰምተው ነው፤ እውነተኛ የሃይማኖት ሊቅ አእምሮን አይነቅፍምና።

ይሁን እንጂ አባ ብራውን ሌባውን አሳፍረው አልተዉትም። «በራሪ ከዋክብት» በተባለው ሌላ ታሪክ ፍላምቦ አልማዝ ሰርቆ በሌሊት ከዛፍ ላይ ሳለ፥ ቄሱ ከሥር ቆመው በስርቆቱ አንድ ንጹሕ ሰው ሊጠረጠር እንደ ሆነ ይነግሩታል። አልማዞቹም ከዛፉ ወደ መሬት ይወድቃሉ። ፍላምቦ ከዚያ ወዲያ ስርቆትን ትቶ የወንጀል መርማሪና የቄሱ ወዳጅ ሆነ።

«ይህ ልብ ወለድ ነው» የሚለን ቢኖር፥ በእውነት የሆነውን እንጨምርለታለን። በ1954 ዓ.ም. በወጣው ፊልም አባ ብራውንን ሆኖ የተጫወተው አሌክ ጊነስ፥ ፊልሙ በፈረንሳይ አገር ሲነሣ አንድ ምሽት የቄስ ልብሱን ሳያወልቅ ይሄድ ነበር። አንድ የማያውቀው ልጅ እውነተኛ ቄስ መስሎት እጁን ይዞ እያወራው አብሮት ተጓዘ። ጊነስ የልጁን እምነት አልረሳውም፤ በ1956 ዓ.ም. ካቶሊክ ሆነ። ልብሱ የጨዋታ ነበር፤ የልጁ እምነት ግን የጨዋታ አልነበረም።

እኛም የተሰጠንን አእምሮ ተጠቅመን መመርመር ሲገባን፥ በአንድ አታላይ ምክንያት ስንቱን እውነተኛ ሰው ከደጅ እንደ መለስን ስናስብ እናፍራለን። እንግዲህ ያ ባለ ብርሌ ተመልሶ ቢመጣ፥ ገንዘብ ባንሰጠውም እንጀራ እናቀርብለታለን። ሲበላም ስለ ደብሩ ጥቂት እንጠይቀዋለን።