ሊንኩ ደርሷል፤ መማሪያ ቦታውስ?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በመላ ሀገሪቱ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ። ለታችኞቹ ክፍሎች ሬዲዮና ቴሌቪዥን፣ ከፍ ላሉት ደግሞ ኢሜይልና ቴሌግራም መፍትሔ ተባሉ። አንድ ነገር ግን ተዘነጋ፤ ትምህርቱ ቤት ድረስ ሲላክ መማሪያ ቦታው አብሮ አልተላከም።

ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የገበሬና የነጋዴ ልጅ አንድ ቤተ መጻሕፍት ይጠቀማሉ። መብራቱም ጸጥታውም ለሁለቱ እኩል ነው። ትምህርቱ በርቀት ሲሆን ሁለቱም ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ ልዩነታቸውም አብሯቸው ይመለሳል። የነጋዴው ልጅ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል። ደራ ወረዳ፣ አንበሳሜ ዙሪያ ያለው የገበሬ ልጅ ግን ለብቻው የሚዘጋው በር የለውም።

እናቱ ስልክ ይዞ ሲቀመጥ ስታየው የሚማር አይመስላትም። «ተነስ እስኪ፣ ከብቶቹን መልስ» ትለዋለች። አይፈረድባትም፤ እሷ የምታውቀው ተማሪ ደብተር የያዘውን ነው። አጨዳና ውቂያ ሲደርስማ እምቢ ማለት ነውር ነው። በሴት ልጅ ደግሞ ይብሳል፤ ውኃው፣ እንጀራው፣ የታናናሾቿ ነገር መምህሩ ኦንላይን ገባ ተብሎ አይቆምም።

በ2015 ማብቂያ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ዝግ ሆኖ ቆይቷል። ስለዚህ ወሬው ሁሉ ስለ ኔትወርክ መሆኑ አይገርምም። ኔትወርኩ ቢመለስም ግን ቤቱ ያው ቤት ነው። መምህሩ «አልገባም» ብሎ ሲመዘግብ ሰነፉን ሥራ ከበዛበት አይለይም።

መፍትሔው ሰማይ አይነካም። ትምህርቱ ተቀድቶ ይላክ፤ ተማሪው ኔትወርክ ባገኘበት አውርዶ ማታ ያዳምጠው። የአሳይመንት ማስረከቢያ ቀን ሲቆረጥ አጨዳ ይታሰብ። የወረዳ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅዳሜና እሑድ አንድ መብራት ያለው ክፍል ለርቀት ተማሪ ይክፈቱ። ዩኒቨርሲቲውም «ልጅዎ በእነዚህ ሰዓታት ትምህርት ላይ ነው» የሚል ማኅተም ያለው ወረቀት ለወላጅ ይላክ። ማኅተም በገጠር ቤት ይከበራል።

የርቀት ትምህርት ርካሽ የሚመስለው የክፍሉን፣ የመብራቱንና የጸጥታውን ዋጋ ቤተሰብ ስለሚከፍል ነው። መክፈል ያቃተውን ቤት ልጅ «ሰነፍ» ብሎ መጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።